ማታ ማታ የሚጠፋው ካሜራ

ይህ ወር የካሜራ ወር ሆኗል። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት «የቤቴ ካሜራ ጠፋብኝ፣ ምን ላድርግ?» የሚሉ ናቸው። ክረምት ሲገባ እንዲህ ነው። ዝናብ አለ፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ ሽቦ ይርሳል። ካሜራ መግጠምና መጠገን ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ሐምሌና ነሐሴ ሁሌም ስልኬ የማያርፍባቸው ወራት ናቸው። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ላፍቶ ትኖራለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። ለገና መጥቼ ሳለሁ የግቢው በር ላይ ካሜራ አስገጠምኩላት። በዋይፋይ የሚሠራ ነው፤ መብራት የሚያገኘው ከሳሎን ሶኬት በተሳበ ሽቦ ነው። እስከ ግንቦት ድረስ ምንም እንከን አልነበረውም። አሁን ግን ማታ 1 ሰዓት ገደማ ሲሆን አፑ ‹ኦፍላይን› ይለኛል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ማንም ሳይነካው ይመለሳል። አፑን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። እናቴ ራውተሩን ነቅላ ሰካችው። የገጠመው ልጅ ‹ኢንተርኔታችሁ ደካማ ነው› ብሎ ስልኩን ዘጋው። ግን እኮ ማታ ማታ ከእናቴ ጋር በቪዲዮ የምናወራው በዚያው ኢንተርኔት ነው! እሷ ደግሞ ‹ሲመሽ በሩ ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር አለ፣ ወፍ ነው መሰለኝ› ትላለች። የምፈራላት ማታ ነው፤ ካሜራው የሚከዳኝም ማታ ነው። እባክዎ ይርዱኝ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ «ጠቅ ጠቅ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ምክንያቱን እናትሽ አግኝተውታል። የሰሙት የካሜራውን ድምፅ ነው።

ላስረዳሽ። ከሌንሱ ኋላ አንዲት ስስ ማጣሪያ አለች። ኢንፍራሬድ የሚባል ለዓይናችን የማይታይ ብርሃን አለ። ይህ ብርሃን ገብቶ የምስሉን ቀለም እንዳያበላሽ ቀን ቀን የምትከለክለው እሷ ናት። ሲመሽ ካሜራው ይህችን ማጣሪያ ወደ ጎን ገፋ ያደርጋታል። ያን ጊዜ «ጠቅ» ትላለች። ወዲያው በሌንሱ ዙሪያ የተደረደሩት የኢንፍራሬድ አምፖሎች ይበራሉ። በጨለማ ጥቁርና ነጭ ምስል የምናየው በእነሱ ነው። ጤነኛ ካሜራ ሲመሽ አንዴ ጠቅ ይላል፣ ሲነጋ ደግሞ አንዴ። ደጋግሞ ጠቅ ጠቅ ካለ ግን እየጠፋ እየተነሳ ነው ማለት ነው። አምፖሎቹን ሊያበራ ይሞክራል፣ ጉልበት ያጥረዋል፣ ይጠፋል። ይነሳል፣ ጨለማ መሆኑን ያያል፣ እንደገና ሊያበራ ይሞክራል። እስኪነጋ እንዲህ ሲወድቅ ሲነሳ ያድራል። ዋይፋዩን ለመያዝ እንኳ ፋታ አያገኝም። አንቺ ዘንድ የሚደርሰው «ኦፍላይን» የምትለዋ ቃል ብቻ ናት።

እኔ ካሜራ ጠፋ ስባል መጀመሪያ የምጠይቀው ሰዓቱን ነው። መቼ ጠፋ? መቼ ተመለሰ? ሰው ሁሉ ወደ አፑና ወደ ራውተሩ ይሮጣል። ሰዓቱ ግን ብዙ ጊዜ ግማሹን መልስ ይዞ ይመጣል። ማታ ኢንተርኔት ሲጨናነቅ የሚንቀራፈፍ ካሜራ አለ፤ እሱ ግን ሰው ሲተኛ፣ ከሌሊቱ 5 እና 6 ሰዓት ላይ ይለቀዋል። የአንቺው ከፀሐይ ጋር ጠፍቶ ከፀሐይ ጋር ነው የሚመለሰው። ራውተሩ ደግሞ መምሸት መንጋቱን የሚያውቅበት ዓይን የለውም። ካሜራው ነው ያለው።

እርግጥ ሌላም ነገር ጠርጥሬ ነበር። ገርጂ አንድ ቤት ካሜራው በየሌሊቱ ይጠፋ ነበር። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ የቤቱ እናት ሊተኙ ሲሉ ዲቫይደሩን እንደሚያጠፉት አወቅኩ። እሳት ፈርተው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሶኬት ነቅለው ነው የሚተኙት። ይህኛው እንዳይጠፋ ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም ስገጥም አልነገርኳቸውም። ከዚያ ወዲህ ካሜራ የሰካሁበት ሶኬት ላይ በትልቁ «አይነቀል» ብዬ ጽፌ ሳልለጥፍ ከቤት አልወጣም። ያንቺ እናት ግን 1 ሰዓት ላይ አይተኙም። ስለዚህ ይህን ተውኩት።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ መጽሔቱ እስኪወጣ አላስጠበቅኩሽም፤ አንድ ሙከራ ላኩልሽ። ለሌላውም አንባቢ ይጠቅማልና ልድገመው። አፑ ውስጥ ሴቲንግ ገብተሽ ናይት ቪዥን የሚለውን አጥፊው። ከመምሸቱ በፊት ይሁን፤ አዲስ አበባ 1 ሰዓት ሲመሽ በዚህ ወቅት በእናንተ እኩለ ቀን ነውና ምሳ ከመውጣትሽ በፊት ማለት ነው። እንዲያ ሲሆን ካሜራው ጨለማ ቢሆንም አምፖሎቹን አያበራም። ምስሉ ይጠቁራል፤ ይጥቆር። የምንፈልገው ካሜራው ሳይጠፋ ማደሩን ነው። በማግስቱ እንዲህ ብለሽ ጻፍሽልኝ፦ «ምስሉ ጥቁር ሆኖ አደረ፣ ግን አንድም ጊዜ አልጠፋም። እናቴም ድምፁን አልሰማችም።» በቃ። ዋይፋዩ ነፃ ወጣ። የጎደለው የመብራት ጉልበት ነው።

ጉልበቱ የት ሄደ? መንገድ ላይ ነው የቀረው። በላክሽልኝ ፎቶ እንዳየሁት የተሳበው የኔትወርክ ኬብል ነው። ከውስጡ ካሉት ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች መብራት የሚያስተላልፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ርዝመቱን 30 ሜትር ብለሽኛል። እንዲህ ያለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ኤሌክትሪኩን በሜትር 0.084 ኦም ያህል ያግዳል፤ ኦም የእገዳ መለኪያ ነው። ኤሌክትሪክ ሄዶ መመለስ ስላለበት 30 ሜትሩ 60 ይሆናል፤ በድምሩ 5 ኦም ገደማ ማለት ነው። ካሜራሽ ቀን 0.3 አምፔር ቢወስድ፣ 5 በ0.3 ሲባዛ 1.5 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። አዳፕተሩ ከሚሰጠው 12 ቮልት 10.5 ይደርሰዋል፤ በዚያ እንደምንም ይውላል። ማታ አምፖሎቹ ሲበሩ 0.6 አምፔር ቢፈልግ ግን የሚቀረው 3 ቮልት ነው። 9 ቮልት ብቻ ይደርሰዋል። በዚያ አይቆምም።

«ታዲያ እስከ ግንቦት እንዴት ሠራ?» ትይኝ ይሆናል። ሲጀመርም ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሽቦው የተቀጠለበት ቦታ ይኖራል፤ በናስትሮ ተጠቅልሎ የተተወ። ዝናብ ሲገባበት መዳቡ አረንጓዴ ያወጣል፣ ማገዱም ይጨምራል። አዳፕተሩም ውሎ ሲያድር ይደክማል። ጫፍ ላይ የቆመ ነገር ትንሽ ሲነካ ይወድቃል።

አሁን ሰፈሩ ውስጥ የሚታመን ኤሌክትሪሺያን ይጠራ። ቴስተር ይዞ ማታ ይምጣ። ካሜራው እንደተሰካ፣ አምፖሎቹ ሲበሩ፣ ካሜራው ጫፍ ላይ ይለካ። ቀን ከለካ ይሳሳታል። ካሜራውን ነቅሎ ባዶ ሽቦውን ከለካ ደግሞ ሁሌም 12 ነው የሚያነበው። ብዙ ባለሙያ «መብራቱማ ሙሉ ነው» ብሎ የሚሄደው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው። በትክክል ተለክቶ ከ11 ቮልት ከወረደ ጥፋቱ ተገኘ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ካሜራው በዋይፋይ ስለሚሠራ በኬብሉ ውስጥ የቀሩት ስድስት ሽቦዎች ሥራ ፈተው ነው ያሉት። ከስምንቱ አራቱን አንድ ላይ ለፕላስ፣ አራቱን አንድ ላይ ለማይነስ ያስሩ። እገዳው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ማታም ከ11 ቮልት በላይ ይደርሰዋል። ፕላስና ማይነስ እንዳይዘዋወር ግን አደራ። ኬብሉ ረጥቦ ከተበላሸ ባለ 1.5 ሽቦ ይሳብ፤ በእሱ የሚጠፋው ግማሽ ቮልት እንኳ አይሞላም። ቅጥያው ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ይሁን። «15 ቮልት አዳፕተር እንሰካበትና እንገላገል» የሚል ቢመጣ እሺ አትበሉት። ቀን ጭነቱ ሲቀል ቮልቱ ከፍ ብሎ ካሜራውን ሊያቃጥለው ይችላል። 220 ቮልቱንም በአጥር ላይ ወደ በሩ እንዳይስቡት። እርጥብ ግድግዳና የብረት በር ያለበት ግቢ ነው።

እስከዚያው የበሩን አምፖል እናትሽ ማታ አብርተው ይደሩ፤ አንቺ ናይት ቪዥኑን እንዳጠፋሽ ቆዪ። አምፖል ካለ ካሜራው ያያል፣ እንዲያውም ባለቀለም። መሰላል ላይ ግን እሳቸው እንዳይወጡ። ካሜራው የተሰቀለው ለእሳቸው ደኅንነት ነው።

የሚቀጥለው ከሰሚት የመጣ ነው።

«ወደ ፋይበር ቀየርን፣ አዲስ ራውተር መጣ፣ ሦስቱም ካሜራዎቼ ባንድ ቀን ጠፉ። አንዱ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ነው ያለው። ባለሙያው ‹ሁሉንም አውርደን ሪሴት እናደርጋለን፣ ሒሳቡ በካሜራ ነው› አለኝ። ሌላ መንገድ የለም?»

አለ፣ ወንድሜ። አንዱንም አታውርድ። ካሜራዎቹ የሚያውቁት የድሮውን ዋይፋይ ስምና ፓስወርድ ብቻ ነው። አሁንም እሱን እየፈለጉ ነው። እነሱን አዲሱን ከማስተማር አዲሱ ራውተር የድሮውን ስም እንዲይዝ ማድረግ ይቀላል። ራውተሩን ገልብጠህ ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት እይ። የመግቢያ አድራሻው እዚያ አለ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ስልክህን ከአዲሱ ዋይፋይ ጋር አገናኝና ይህን ቁጥር ብራውዘር ላይ ጻፍ። ስትገባ የዋይፋዩን ስም ወደ ድሮው ቀይረው። ፓስወርዱንም እንዲሁ። ትልቁ ፊደል ትልቅ፣ ትንሹ ትንሽ፣ በመሃል ክፍት ቦታ ካለ ክፍት ቦታው ሳይቀር። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ካሜራው አያውቀውም። የድሮው ፓስወርድ ከጠፋብህ አሮጌው ራውተር ሥር ሊገኝ ይችላል። ቤትህ ያለ ሌላ ሰው ስልክም አስቀምጦት ይሆናል፤ በዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ሼር ሲባል በኪውአር ኮድ ያወጣዋል።

ሁለት ነገር ግን ይይዝሃል። አንደኛው፣ አዲሶቹ ራውተሮች 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባሉ ሁለት ሞገዶችን ባንድ ስም ያወጣሉ። ብዙዎቹ የቤት ካሜራዎች የሚሰሙት 2.4ን ብቻ ነው። ለሁለቱ ለየብቻ ስም ስጣቸው፤ የድሮውን ስም ለ2.4 አድርገው። ለግቢ ካሜራም የሚሻለው እሱ ነው፤ ግድግዳ ማለፍ ላይ ይበረታል። ሌላው፣ የዋይፋዩ የጥበቃ ዓይነት ደብልዩፒኤ3 (WPA3) ላይ ከሆነ የቆየ ካሜራ አይገባውም፤ ወደ ደብልዩፒኤ2 (WPA2) መልሰው። ከዚያ ካሜራዎቹን ከብሬከሩ አጥፍተህ አብራና አምስት ደቂቃ ጠብቅ። ከሦስቱ ሁለቱ ተመልሰው አንዱ ከቀረ ያን አንዱን ብቻ ታወርዳለህ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገርህ። ሪሴት ተደርጎ የነበረ ካሜራ ካለህ ፓስወርዱ ወደ ፋብሪካው ተመልሷልና ቀይረው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ብዙ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን የያዘው ሰዎች ያልቀየሯቸውን የፋብሪካ ፓስወርዶች አንድ በአንድ እየሞከረ ነበር። በእነዚያ ካሜራዎች ጉልበት በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ላይ ትልልቅ የአሜሪካ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተዘግተው ውለዋል። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ቤታቸው ተቀምጠው ምንም አልታወቃቸውም። ራውተሩን ስትከፍት የእሱንም መግቢያ ፓስወርድ አብረህ ቀይር።

ሐዋሳ ያሉ ጡረታ የወጡ መምህር ደግሞ ይህን ጽፈዋል።

«መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ካሜራው አይመለስም። ነቅዬ ስሰካው ይሠራል። ልጆቼ አዲስ ግዛ ይሉኛል። ልግዛ?»

ጋሼ፣ አይግዙ። መብራት ሲመጣ ሁሉም እኩል ነው የሚነሱት። ካሜራው በግማሽ ደቂቃ ተነስቶ ዋይፋይ ይፈልጋል። ራውተሩ ግን ተነስቶ ኢንተርኔቱን እስኪይዝ 3 እና 4 ደቂቃ ሊወስድበት ይችላል። ደጋግሞ የሚሞክር ካሜራ አለ። ጥቂት ሞክሮ ቁጭ የሚልም አለ፤ የእርስዎ እንዲያ ያለው ነው። ነቅለው ሲሰኩት የሚሠራው ያን ጊዜ ራውተሩ ተነስቶ ስለሚጠብቀው ነው።

ለዚህ የሚበጀው ለራውተሩ ሚኒ ዩፒኤስ መግዛት ነው። መጽሐፍ የምታክል የባትሪ ሳጥን ናት። መብራት ሲሄድ ራውተሩን አታጠፋውም፤ ካሜራው ሲነሳ ዋይፋዩን እንዳለ ያገኘዋል። ሲገዙ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር እንዳያሳስትዎ። 8800 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ካዩ የተለካው በ3.7 ቮልት ነው፤ ወደ 32 ዋት ሰዓት ይመጣል። ራውተርዎ 8 ዋት የሚወስድ ከሆነ በወረቀት 4 ሰዓት ነው፤ በመቀያየር የሚባክነው ሲቀነስ 3 ሰዓት ያህል ይይዝልዎታል። «ሙሉ ቀን ይሠራል» የሚልዎትን ሻጭ ይህን ሒሳብ ይጠይቁት። ፋይበር ከሆነና ግድግዳው ላይ ሌላ ትንሽ ሳጥን ካለ እሱም ከዩፒኤሱ ጋር መያያዝ አለበት፤ ያለበለዚያ ዋይፋይ ይኖራል፣ ኢንተርኔት አይኖርም።

እስኪገዙ ድረስ መብራት ሲሄድ የካሜራውን ሶኬት ይንቀሉ። መብራቱ ከመጣ አምስት ደቂቃ ቆይተው ይስኩት። መብራት ሲመለስ አንዳንዴ ገፍቶ ነው የሚመጣው። ብዙ አዳፕተር በዚያች ቅጽበት ሲቃጠል አይቻለሁ።

ከባሕር ዳር የመጣው ጥያቄ ሲያሳስበኝ የቆየ ነው።

«ሱቄ ሌሊት ተከፍቶ አደረ። ኢንተርኔት በዚያ ሌሊት አልነበረም፤ አፑ ምንም አያሳይም። ካሜራው ውስጥ ግን ሚሞሪ ካርድ አለ። ዘበኛው ‹ከሌሊቱ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰው ሰምቼ ጮኽኩ፣ ሮጡ› ይላል። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ በዚያ ሰዓት ያለውን አየሁ፤ ማንም የለም። ዘበኛው ዋሽቶኛል?»

አልዋሸም። እባክህ ሰውየውን አትክሰስ። በመልእክት ጠይቄህ የላክህልኝን ምስል አየሁት። ሁለት ሰዎች አጥር ሲዘሉ የሚታየው ካሜራው 07:14 በሚልበት ቦታ ላይ ነው። ከንጋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። ግን ምስሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ባሕር ዳር በዚያ ሰዓት ፀሐይ ወጥታለች። ካሜራህ ከፋብሪካ እንደመጣ የቻይና ሰዓት ላይ ነው ያለው። የቻይና ሰዓት ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። 07:14 ላይ 5 ሲቀነስ 02:14 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14። ዘበኛው ካለው ጋር አንድ ነው።

ሴቲንግ ውስጥ የሰዓት ክልሉን ጂኤምቲ ሲደመር 3 (GMT+3) አድርገው። ሚሞሪ ካርዱ ኢንተርኔት ባይኖርም ይቀዳል፤ ጥሩነቱ ይህ ነው። ግን መብራትም ኢንተርኔትም አብረው ከሄዱ ብዙ ካሜራዎች ሰዓታቸውን ይረሱና ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ላይ ይመለሳሉ። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ካርድ ላይ እንዲህ ያለ ቀን ካየህ አትጣለው፤ የምትፈልገው ምስል እዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ፋይሉን ኮፒ አድርገህ ለፖሊስ ስትሰጥ የሰዓቱን ልዩነት በወረቀት ጽፈህ አብረህ ስጥ። ካርዱን አውጥተህ አስቀምጥ፤ ሌላ ካርድ አስገባ። ሞልቶ ከተመለሰ አሮጌውን እያጠፋ ይቀዳበታል።

የመጨረሻውን ጥያቄ ላትመው ወይስ ልተወው ብዬ ሰነባብቻለሁ። የሚጠይቁት ብዙ ስለሆኑ አተምኩት።

«ሳሎን፣ ኩሽናና የሠራተኛዋ ክፍል ካሜራ አለኝ። የሠራተኛዋ ክፍል ጓሮ ስለሆነ ዋይፋዩ አይደርስም፣ ካሜራው ይቆራረጣል። ማጠናከሪያ ልግዛ ወይስ ገመድ ላስስብ?»

እህቴ፣ ማጠናከሪያ አይግዙ፣ ገመድም አያስስቡ። የሦስተኛውን ካሜራ ግንኙነት እንዲጠግኑ አላግዝዎትም። ያቺ ልጅ ልብሷን የምትቀይርበት፣ የምትተኛበት፣ ከቤተሰቦቿ ጋር በስልክ የምታወራበት ክፍል ነው። ከቤቱ ሁሉ የእሷ የሆነው ያ ብቻ ነው። የእርስዎን መኝታ ቤት እሷ በስልኳ ከፍታ ብታይ ምን እንደሚሰማዎት ያውቁታል። ደግሞ ያ ምስል ስልክዎ ውስጥ ብቻ አይቀርም። የአፑ ሰርቨር ላይ ሊቀመጥ ይችላል፣ አካውንትዎን የሚያውቅ የቤተሰብ አባል ያየዋል፣ ስልክዎ ቢሰረቅ የሰረቀው ያየዋል።

ሥጋትዎ ልጆቹ ከሆኑ ካሜራው መሆን ያለበት ልጆቹ በሚውሉበት ነው፤ ሳሎኑ ላይ አለ። ሥጋትዎ ዕቃ ከሆነ ቁምሳጥንዎን ይቆልፉ። እኔ የሰው መኝታ ክፍል ውስጥ ግጠም ስባል እምቢ ብዬ የወጣሁባቸው ቤቶች አሉ። ገንዘቡ ቀርቶብኛል፣ ደንበኛም አጥቻለሁ፤ አሁንም ብጠየቅ እምቢ እላለሁ።

ካሜራውን ያውርዱት። የሳሎኑና የኩሽናው መኖሩን ዛሬውኑ ቁጭ ብለው ይንገሯት፤ ስልክዎን ከፍተው የሚታየውን ያሳዩዋት። ግድግዳው ላይ የቀረውን ቀዳዳ በጀሶ ያስደፍኑት።